«የት አባታችን እንሂድ?» በዜና ላይ ሲጻፍ

የጠያቂያችን ደብዳቤ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በጅማ ከተማ የአካባቢ ዜና በሚያትምና ያንኑ ዜና በሬድዮ በሚያስነብብ አነስተኛ ዝግጅት ክፍል ውስጥ በዘጋቢነት መሥራት ከጀመርሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምጽፍልዎ ስለ አንዲት ሐረግ ነው። ባለፈው በጋ ውኃ ለሳምንታት በጠፋበት ሰፈር ጀሪካን ደርድረው ቦቴ ሲጠብቁ ያገኘኋቸው አንዲት እናት «ከአዌቱ እንዳንቀዳ ወንዙ ቆሻሻ ነው፤ እንዳንገዛ ገንዘብ የለንም፤ ታዲያ የት አባታችን እንሂድ?» አሉኝ፤ እኔም እንዳሉት ጻፍሁ። አርታኢያችን ግን «የት አባታችን» የሚለውን ሰርዘው፣ ጥቅሱን ጥቅስ እንደሆነ ትተው፣ «ወዴት እንሄዳለን?» ብለው አሳተሙት። ከአንድ ወር በኋላ እኚሁ አርታኢ ለሌላ ዜና በገዛ እጃቸው «የባጃጅ ታሪፍ ምን አባቱ ሊሆን ነው?» የሚል ርእስ ሰጡ። ርእሱ በከተማው ብዙ ተወራለት፤ ከዚያ ወዲህ «ምን አባቱ» ወይም «የት አባቱ» የማይወጣበት ሳምንት የለም። በቅርቡ ደግሞ አንድ ነጋዴ ስለ ንግድ ፈቃድ እድሳት ሲያማርሩ «ቆይ ግን ምን አባታቸው ይሠራሉ?» ማለታቸውን ጠቅሼ ጻፍሁ፤ ከዜናው ጎን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ፎቶግራፍ ወጣ። ኃላፊው ተቀየሙ፤ ዘመዶቻቸውም እየደወሉ ወቀሱን። ከሁሉ የከበደኝ ግን የአባቴ ነገር ነው፤ ፈረንጅ አራዳ በሚባለው ሰፈር ቡና በሚጠጡበት ቤት ዜናው ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰምተው መጡና «ልጄ በጋዜጣ የሰው አባት መስደብ ጀመረች» ብለው ይኸው እስካሁን አኩርፈውኛል። እንዲህ ያለው ቀለል ያለ ስድብ በዜና ውስጥ ቦታ አለው ወይ? ካለውስ መቼ? አርታኢዬንስ ምን ብዬ ላነጋግራቸው?

ቃል ያስጨነቃት፣ ከጅማ

መልስ

ውድ ልጄ፣

ጋሼ ብለሽ ስለጻፍሽልኝ «አንቺ» እያልሁ ብመልስልሽ እንደማትቀየሚኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በሦስቱ ዜናዎች ተመላልሳ የመጣችው ሐረግ አንድ ብትሆንም በሦስቱም ቦታ የሠራችው ሥራ የተለያየ ነው፤ ነገሩ የተወሳሰበባችሁም ይህን ሳትለዩ «ይጻፍ» ወይም «አይጻፍ» ወደሚል አንድ መልስ ስለተቻኮላችሁ ይመስለኛል። የእኔን ፍርድ አስቀድሜ ልንገርሽ፦ አርታኢያችሁ የሰረዙት ሊታተም ይገባው የነበረውን ነው፤ በርእስነት ያወጡት ደግሞ ሊሰረዝ ይገባው የነበረውን ነው። አንቺ የጻፍሽው ሦስተኛው ጥቅስ በትክክል የተወሰደ ቢሆንም ለዜናው አንዳች ነገር አልጨመረም፤ ከማይገባው ፎቶግራፍ ጎን በመቆሙም ሰው ጎድቷል።

እስቲ ስድብነቱ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። የ«ምን አባቱ» ክብደት የሚለካው «አባት» በሚለው ቃል ሳይሆን በመጨረሻ በምትለጠፈው ባለቤትን አመልካች ቅጥያ ነው። «ምን አባቴ ላድርግ?» የሚል ሰው የሚያነሣው የራሱን አባት ስለሆነ ጭንቀቱን እንጂ ንቀቱን አይነግረንም፤ ይህን ሐረግ ልጆቻቸውን ስድብ ከቶ የማያስለምዱ እናቶች እንኳ ወጥ ሲያርባቸው ይሉታል። «መብራቱ የት አባቱ ሄደ?» ሲባልም መብራት አባት የለውምና የሚቀየም አይኖርም። በሌለ ሦስተኛ ሰው ላይ «ምን አባቱ ያውቃል!» ሲባል ግን ንቀት ይገባበታል። ፊት ለፊት «ምን አባህ!» ከተባለ ደግሞ ቀለል ያለ ስድብ መሆኑ ቀርቶ ጠብ ሆኗል፤ በሐሙስ ገበያ መካከል ሁለት ሰዎች እንዲህ ከተባባሉ ሽማግሌ ሳይገባ አይበርድም። እንግዲህ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ከእንጉርጉሮ እስከ ድብድብ የሚያደርስ ሐረግ ነው። ዘጋቢ ደብተሩ ላይ ይህን ሐረግ ባየ ቁጥር በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት «የማን አባት ነው?» የሚለውን ይመስለኛል።

በዚህ ሚዛን የውኃዋን ዜና እንየው። እናትየዋ «የት አባታችን እንሂድ?» ሲሉ ያነሡት የራሳቸውንና የጎረቤቶቻቸውን አባት ነው፤ ከውኃ አገልግሎት ሠራተኛው ጀምሮ እስከ ቦቴው ሾፌር ድረስ የተነካ ሰው የለም። አርታኢያችሁ ከስድብ ያዳኑት ሰው ስለሌለ የማረሙ ውጤት የሴትየዋ ምሬት መጥፋቱ ብቻ ሆኖ ቀረ። «ወዴት እንሄዳለን?» መንገድ የጠፋበት እንግዳም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። «የት አባታችን እንሂድ?» የሚለው ግን ወንዙን አስባ የተወች፣ ገንዘቧን ቆጥራ ያፈረች፣ ሌላ አማራጭ ያጣች ሴት የምትጠይቀው ነው። ይህን በዘጋቢው ቃል ለመግለጽ አንድ ሙሉ አንቀጽ ይጠይቃል፤ እርሳቸው በአንዲት ቃል ጨርሰውታል።

ከቃሉ መሰረዝ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ግን ለውጡ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ መደረጉ ነው። አርታኢው ሐረጉን ካልወደዱት ጥቅሱን አንሥተው «መሄጃ እንዳጡ በምሬት ተናግረዋል» ብለው በራሳቸው አነጋገር መጻፍ ይችሉ ነበር፤ መብታቸው ነው፤ ነውርም የለበትም። ሴትየዋ ያላሉትን ብለዋል ማለት ግን ቃሉ የቱንም ያህል የታረመ ቢሆን ሐሰት ነው።

እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ ጥፋት ሠርቻለሁ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ወድቆ፣ በአካባቢያችን አንዳንዱ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ወደ መትከል በዞረበት ጊዜ፣ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ያገኘሁት አንድ ገበሬ የሽያጩ ገንዘብ የለቃሚ ዋጋ እንኳ አልሸፍን እንዳለው ነግሮኝ ሲያበቃ «ዋጋውንም ቡናውንም ገደል ይክተተው!» አለ። እኔ ግን እርግማን በጋዜጣ ይወጣል ወይ ብዬ፣ ጨዋ የሆንሁ መስሎኝ፣ «አሁን ባለው የቡና ዋጋ ደስተኛ አይደለሁም» የሚል ጥቅስ አሳተምሁለት። ሰውዬው ፊደል ባይቆጥርም ልጁ ያነብለት ኖሮ በሳምንቱ ጋዜጣውን አጣጥፎ ይዞ ቢሮ ድረስ መጣ። አልተቆጣም። «ይህን የተናገረው ሰው ማን ነው? ስሙ እንደ እኔ ነው» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። የምመልሰው አጣሁ። ቡናውን በገዛ እጁ ለመንቀል የተነሣ ሰው «ደስተኛ አይደለሁም» እንደማይል ከእኔ በቀር ለሰፈሩ ሁሉ ግልጽ ነበር።

ጉዳዩ በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የአሜሪካ የዜና ወኪል ለጸሐፊዎቹ ባወጣው መመሪያ፣ ስድብና እርግማን በዜና ውስጥ የሚገቡት በቀጥታ ጥቅስ ሲሆንና አስገዳጅ ምክንያት ሲኖር ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል፤ በዚያው ላይ ግን «ዳም ኢት» የምትለውን የተለመደች እርግማን «ዳርን ኢት» ወደምትባለው የለዘበች ቃል መለወጥን ይከለክላል። ሁለቱ ድንጋጌዎች አብረው መነበብ አለባቸው። ካላስፈለገ አታስገባው፤ ካስገባኸው ደግሞ አትቀይረው ማለት ነው። አርታኢያችሁ የመጀመሪያውን ድንጋጌ በውኃው ዜና ላይ ከሚገባው በላይ አጠበቁት፤ ሁለተኛውን ፈጽመው ረሱት፤ በባጃጁ ርእስ ላይ ደግሞ ሁለቱንም አብረው ጣሏቸው።

ወደዚያ ርእስ ልምጣ፤ ሳልደብቅሽ፣ ሳነብበው ፈገግ ብያለሁ። በጅማ ጎዳና ላይ ባጃጅ ይዞ ከመውረዱ በፊት በዋጋ ያልተጨቃጨቀ ሰው ጥቂት ስለሆነ «ምን አባቱ ሊሆን ነው?» የብዙ ተሳፋሪ የልብ ቃል ነው፤ የተወራለትም ለዚህ ነው። ነገር ግን ይህን የሚለው ማን ነው? ጥቅስ የለውም፤ ተናጋሪ የለውም፤ ስለዚህ ተናጋሪው ጋዜጣው ራሱ ነው። ጋዜጣው በተሳፋሪው አፍ ከተቆጣ ነዳጅ ፍለጋ ሌሊቱን ተሰልፎ ያደረው የባጃጅ ሾፌርም ያንኑ ጋዜጣ እንደሚገዛ ዘንግቷል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ርእሱ ምንም አያሳውቅም። ታሪፉ ከስንት ወደ ስንት እንዳደገ፣ ማን እንዳጸደቀው፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚሠራ አንዱም የለበትም። ዜናው ግን እነዚህን ሁሉ በውስጡ ይዞ ነበር አይደል? እኔ እንዳየሁት ርእስ ላይ የሚወጣ እርግማን አብዛኛውን ጊዜ የሚተካው ቁጥርን ነው፤ ቁጥሩን መልሳችሁ ብታስገቡት እርግማኑ ቦታ አጥቶ በራሱ ይወጣል።

በየሳምንቱ መመላለሱ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ውኃ ላጣችው እናትና ለባጃጅ ታሪፍ አንድ ዓይነት ምሬት ከተሰጠ አንባቢው የትኛው የከፋ እንደሆነ የሚለይበት ምልክት ያጣል። የነገ ዓመት ከተማውን በእውነት የሚያስጮህ ነገር ቢመጣ በምን ቃል ልትጽፉት ነው? «ምን አባቱ»ን ለባጃጅ ጨርሳችሁታል፤ የቀሩት ቃላት ደግሞ ቀለል ያሉ አይደሉም።

በዚህ ላይ አንድ የውጭ ታሪክ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 የአውስትራሊያ የቱሪዝም ተቋም የዓለምን ጎብኚ ለመጋበዝ ባሠራው ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ «ብለዲ» የምትለውን ቀላል ስድብ አስገባ። የማስታወቂያው ጥያቄ ወደ እኛ አነጋገር ሲመለስ «ታዲያ የት አባታችሁ ቀራችሁ?» እንደ ማለት ነው። ለአውስትራሊያውያን ይህ የወዳጅ ጨዋታ ነበር፤ በብሪታንያ የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎችን አስቀድሞ የሚመረምረው አካል ግን ቃሏን ለጊዜው ከለከላት፤ በኋላ ነው የፈቀዳት። አንድ ቋንቋ በሚናገሩ ሁለት አገሮች መካከል ይህን ያህል ልዩነት ካለ፣ በአንዲት ከተማ ውስጥ በቡና ቤት ጨዋታና በአባትሽ ጆሮ መካከል ልዩነት መኖሩ ሊያስደንቀን አይገባም።

በእኛ ከተማ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት ይኖራል ብዬ እገምታለሁ። ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው የቆመላቸው ንጉሥ አባ ጅፋር የሚጠሩት በፈረስ ስማቸው ነው፤ በአካባቢያችን «አባ» በስም ፊት ሲቆም ማዕረግ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ያደገ ሽማግሌ «አባት» የምትለው ቃል በንቀት ስትጠራ ሲሰማ ከሌላው ይልቅ ቢከነክነው አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዜና እንሂድ፤ ጥፋቱ ያለው እዚህ ነው። ነጋዴው «ምን አባታቸው ይሠራሉ?» አሉ። አማርኛችን «እነርሱ»ን እና አክብሮት ያለውን «እርሳቸው»ን በአንድ ቅጥያና በአንድ የግስ መልክ እንደሚገልጽ ታውቂያለሽ። ነጋዴው የተናገሩት ስለ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች በጅምላ እንደሆነ ከደብዳቤሽ አካሄድ እረዳለሁ፤ ንግግሩ በቃል ሲነገር ከእጅ ምልክቱና ከፊት ከኋላው የማን አባት እንደሆነ ይታወቅ ነበር። በወረቀት ላይ ግን የእጅ ምልክት የለም። ከጎኑ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ሲቀመጥ «እነርሱ» የነበረው «እርሳቸው» ሆነ፤ በጅምላ የተሰነዘረው ምሬት በአንድ ሰው አባት ላይ አረፈ። ልብ በዪ፣ አክብሮቱ ራሱ ነው ስድቡን ያከበደው፦ በአንቱታ የሚሰደብ ሰው ሆን ተብሎ የተመረጠ ይመስላል። ዘመዶቻቸው ቢደውሉ አይፈረድባቸውም። የምመክርሽ በሚቀጥለው እትም አጭር ማብራሪያ እንድታወጡ ነው፤ የተጠቀሰው ንግግር የጽሕፈት ቤቱን አጠቃላይ አሠራር የሚመለከት እንደነበረና ፎቶግራፉ ከጥቅሱ ጋር መያያዝ እንዳልነበረበት በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። «ስድብ ስለጻፍን ይቅርታ» ማለት አያስፈልግም፤ ጥፋታችሁ እርሱ አይደለም።

ፎቶግራፉ ባይኖርስ ጥቅሱን ታትሚው ነበር ወይ? እኔ ብሆን አላትመውም። እናትየዋ በሐረጉ የነገሩን አንድ ነገር አለ፤ ነጋዴው ግን መናደዳቸውን ብቻ ነው የነገሩን። ስንት ጊዜ ተመላለሱ? ምን ሰነድ ተጠየቁ? ምን ያህል ቀን ሱቃቸው ተዘጋ? ይህን ጠይቀሽ ጽፈሽ ቢሆን ኖሮ አንባቢው «ምን አባታቸው ይሠራሉ?» የሚለውን በራሱ ያለው ነበር፤ አንቺም እርሳቸውም ከወቀሳ ትድኑ ነበር።

አንድ ነገር ላክል፤ ቀለል ያሉ የሚመስሉ ስድቦች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። «ምን አባቱ» እውነትም ሐሰትም ሊባል የማይችል የስሜት ድምፅ ነው። «ሌባ» ግን በሰፈር አነጋገር የቱንም ያህል የረከሰ ቢሆን፣ በጋዜጣ ላይ ሲወጣ ማስረጃ የሚጠየቅበት ክስ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስም ማጥፋትን በአንቀጽ 613፣ ስድብን ደግሞ በአንቀጽ 615 ለያይቶ ይመለከታቸዋል፤ የሕጉን ዝርዝር ለሕግ ባለሙያ እተወዋለሁ። ብሔርን፣ ሃይማኖትን ወይም አካል ጉዳትን የሚነካ ቃል ከቶውንም «ቀለል ያለ» ከሚባለው መደብ ውስጥ አይገባም፤ ስለ እርሱ ራሱን የቻለ የጥላቻ ንግግር አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ስላለ ከዚህ ጥያቄ ጋር አላቀላቅለውም።

በደብዳቤሽ ባትጠይቂኝም ጅማ ውስጥ ለሚሠራ ዘጋቢ ሳልነግር የማላልፈው ነገር ትርጉም ነው። ከምታነጋግሪያቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሚመልሱልሽ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አንቺም ወደ አማርኛ መልሰሽ በጥቅስ ታስገቢያለሽ። «ማል አባ» ብሎ የሚጀምር አነጋገር በአፋን ኦሮሞም ስላለ ቃል በቃል ወደ «ምን አባት» መመለሱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቃላቱ ስለተመሳሰሉ ክብደታቸው ይመሳሰላል ማለት አይደለም። በተለይ ደግሞ ተናጋሪው ምንም ስድብ ሳያስገባ በድምፁ ብቻ የተቆጣውን፣ ለአማርኛው ጣዕም ሲባል «ምን አባቱ» ጨምሮ መተርጎም ከእኔ የቡና ጥቅስ የማይተናነስ ውሸት ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ይለያል። ስትተረጉሚ ሰውየውን በስልክም ቢሆን «እንዲህ ብዬ ብጽፈው ያሉት ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የሬድዮውን ነገር ደግሞ ለይታችሁ ተመልከቱት። በወረቀት ላይ ትእምርተ ጥቅሱ ይታያል፤ በአየር ላይ ግን አይሰማም። ዜና አንባቢዋ በዚያ በሚታወቀው ድምፅዋ «የት አባታችን እንሂድ» ስትል፣ ምሳ ላይ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ የሚያዳምጥ ሰው የሚሰማው የእናትየዋን ሳይሆን የጣቢያውን አፍ ነው። ስለዚህ ድምፁ ከተቀዳ እናትየዋ ራሳቸው ይናገሩት፤ ካልተቀዳ በሬድዮ ላይ በተዘዋዋሪ ንግግር ይነገር። አንድ ዜና በወረቀትና በድምፅ ሁለት መልክ ቢኖረው ችግር የለውም።

ነጥብ እየደረደሩ «ምን አ...ቱ» ብሎ መጻፍንም አልወደውም። ነጠብጣብ የተደረገበት ቃል አንባቢውን ከዚያ የባሰ ነገር እንዲገምት ይጋብዘዋል፤ ቀላሏን ስድብ ታላቅ ነውር ያስመስላታል። ወይ ሙሉ ቃሉ ይጻፍ፣ ወይ ጥቅሱ ይነሣ። አጻጻፉንም አንድ አድርጉት፤ ዛሬ «ምናባቱ»፣ ነገ «ምን አባቱ» መሆን የለበትም። እኔ ተነጣጥሎ ሲጻፍ እመርጣለሁ፤ የአፍ ሩጫውን ትንሽ ያበርደዋል።

ቃሉ ራሱ ዜና የሚሆንበት ጊዜም እንዳለ አትርሺ። አንድ ባለ ሥልጣን በሕዝብ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ነዋሪዎችን «ምን አባታችሁ ያገባችኋል?» ቢል፣ ይህን አለስልሶ «ነዋሪዎች ጣልቃ እንዳይገቡ አሳሰቡ» ብሎ መጻፍ ለባለ ሥልጣኑ ውለታ መዋል ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በዝግ ስብሰባ ላይ ስለ አፍሪካ አገሮች ተናገሩት የተባለውን ጸያፍ ቃል፣ እርሳቸው ቢያስተባብሉም፣ ወትሮ እንዲህ ያለ ቃል የማያትሙ ታላላቅ ጋዜጦች ሙሉውን አወጡት፤ ምክንያቱም ዜናው ቃሉ ነበር። የታይዋን የዜና ወኪል ግን «ወፍ እንቁላል የማትጥልባቸው አገሮች» ብሎ ተረጎመው። ያምራል፤ አንባቢው ግን የአፍሪካ ኅብረትን «ትራምፕ ይቅርታ ይጠይቁን» እስከ ማለት ያደረሰው ምን እንደሆነ ከዚህ ትርጉም አይረዳም።

አርታኢሽን በተመለከተ፣ በስብሰባ ላይ አታንሺባቸው። ሰው ፊት የተነገረውን ምክር ይቅርና ያሞገሱትንም በደንብ አይሰሙም፤ አንቺም በዕድሜ ታናሽ ነሽ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ቡና ጋብዣቸውና ያለፉትን የሦስት ወይም የአራት ሳምንት ርእሶች በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈሽ አሳያቸው። በየአንዳንዱ ሥር ዜናው ውስጥ የነበረውንና ርእሱ ላይ ያልወጣውን ቁጥር ወይም ቀን ጻፊ። ምንም አትጨምሪ፤ ልምድ ያላቸው ሰው ስለሆኑ ራሳቸው ያዩታል። የውኃውን ጥቅስ የምታነሺው ከዚያ በኋላ ነው፤ «ይህን ሰርዘው ያንን ማተምዎ» ብለሽ ሳይሆን «ለወደፊቱ እንዲህ ያለ ጥቅስ ሲያጋጥመኝ እንዴት ላድርግ?» ብለሽ። እሺ ካሉሽ የተስማማችሁበትን በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉት፦ እርግማን በዘጋቢም በርእስ ሰጪም አፍ እንደማይነገር፣ በጥቅስ ሲገባ የማን አባት እንደሆነ እንደሚጣራ፣ በጥቅስ ውስጥ ግን አንዲት ቃል እንደማትቀየር። አዲስ የሚመጣ ዘጋቢ ከእናንተ ክርክር ይድናል።

አባትሽ ደግሞ ያሉት ነገር ግማሽ እውነት አለው፤ በዚያ ፎቶግራፍ ምክንያት የአንድ ሰው አባት በእርግጥ ተነክቷል። ስለዚህ አትከራከሪያቸው። ማብራሪያው ሲታተም ጋዜጣውን ይዘሽ ሂጂና ራስሽ አንብቢላቸው፤ ከዚያም ደብተርሽን ገልጠሽ የውኃዋን እናት ንግግር፣ ሳይሰረዝ በፊት እንደጻፍሽው፣ አሰሚያቸው። በዕድሜያቸው «የት አባቴ ልሂድ?» ያሉበት ቀን እንደማይጠፋ እገምታለሁ፤ ልዩነቱን ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ያስረዱሽ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን በደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ውኃው በዚያ ሰፈር ተመልሶ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። እናትየዋ የጠየቁት ጥያቄ ነበር፤ እኛ ግን ሁለት ወር ሙሉ ስለ አጠያየቃቸው ስንከራከር ቆይተናል። ይህ ዓምድ ከመታተሙ በፊት ወደዚያ ሰፈር ተመለሺ፤ ደብተርሽንም መቅረጫሽንም ያዢ።

ጋሼ